የድሮው ታይፕ መርዶ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት የሚያነብ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጎንደር ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት አለ፤ ስሙ ይቅር። በዋናው በር ላይ «ይህ በር ከዛሬ ጀምሮ አገልግሎት አይሰጥም፤ በጓሮ በኩል ይግቡ» የሚል ወረቀት ለጥፈዋል። ቀን የለውም። እንግዲህ «ዛሬ» የሚባለው መቼ ነው? የተለጠፈ ዕለት ነው ወይስ እኔ ያነበብኩት ዕለት? ነገ ብመጣስ ያው ዛሬ አይደል? ወረቀቱን ፀሐይ መትቶት ቢጫ ሆኗል፤ ባለጉዳዩ ግን በዚያው በር ይገባል፤ ዘበኛውም እዚያው በር ላይ ቆሞ ይፈትሻል። እኔ ደግ ዜጋ ነኝና በጓሮ ሄጄ ሞከርኩ። ተቆልፏል።

በዚህ ወረቀት ስስቅ ኖሬ ኖሬ እኔም ወረቀት ለጣፊ ሆንኩ። የተለጠፈው በር ላይ አልነበረም እንጂ ነገሩ ያው ነው።

ሥራዬ ኮምፒዩተር ማስተማር ነው። ከማስተማር በተረፈኝ ሰዓት ደግሞ «ጣቴ» የምትባል አማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር ከሚጠግኑት ሰዎች አንዱ ነኝ። ጣቴ ባለቤት የላትም። የፈለገ ይወስዳታል፤ የፈለገ ሆዷን ከፍቶ ያያታል፤ የተበላሸ ነገር ካገኘ አስተካክሎ ይመልሳታል። ደመወዝ የሚባል ነገር የለም። ለአባቴ ይህን ሳስረዳቸው «ደቦ ነዋ» አሉኝ። አዎ፣ ደቦ ነው። ልዩነቱ ደቦ ላይ ጠላ አለ፣ ዘፈን አለ፤ እኛ ጋ ያለው ጭቅጭቅ ብቻ ነው።

ደቦ ጠሪው አንድ ፈረንጅ ነው። በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ የምንገናኘው በኢሜይል ነው። ለዚህ ወግ ሲባል ጴጥሮስ ልበለው። አማርኛ ለምን እንደተማረ አንድ ጊዜ ጠይቄው ረዥም መልስ ጻፈልኝ። ደጋግሜ አነበብኩት፤ አልገባኝም። ደግ ሰው መሆኑ ግን ገብቶኛል።

ጣቴ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ ነበራት። አንደኛው አዲሱ ነው፤ የእንግሊዝኛውን ፊደል በድምፁ እየነካችሁ አማርኛ ታወጣላችሁ። ሁለተኛው የድሮው ታይፕ ነው፤ ቁልፎቹ የተደረደሩት እንደ ጥንቱ ታይፕራይተር ነው። መጀመሪያ የፊደሉን ገላ ትመታላችሁ፤ ቀጥሎ እግሩን ወይም ቀለበቱን ትጨምሩለታላችሁ። ጴጥሮስ አንድ ቀን ይህ የድሮው ይወገድ አለ። አዲስ ኮምፒዩተር በወጣ ቁጥር ቀድሞ የሚሰበረው እሱ ነው፤ እሱን ስንጠግን ሌላው ሥራ ቀረ አለ። እውነቱን ነው። ሲጠግን የሚያድረውም ጴጥሮስ ራሱ ነው።

ግን ወዲያው አይወገድም። መጀመሪያ ሊወገድ መሆኑ ይነገራል፤ ከዚያ ትንሽ ይቆያል፤ ከዚያ ይወገዳል። ለዚህ መሐል ላይ ላለው ዕድሜ ፈረንጆቹ አንድ ቃል አላቸው። አማርኛ ፈለግሁለት፤ ጠፋኝ። ይሠራል፣ ግን አትጠቀሙበት። አለ፣ ግን እንደሌለ ቁጠሩት። ይሄ ምን ይባላል? ኋላ ሳስበው ያጣነው ቃሉን ነው እንጂ ነገሩን እኛም በደንብ እናውቀዋለን። ከሥልጣን ተነሥቶ ርክክብ ያልፈጸመ ኃላፊ አላጋጠማችሁም? ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ ማኅተሙ በእጁ ነው፤ ደብዳቤ ቢጽፍላችሁ ግን የሚቀበላችሁ የለም። የድሮው ታይፕ እንደዚያ ሆነ።

ማስታወቂያውን በአማርኛ የምጽፈው እኔ ነኝ ተባለ። ጴጥሮስ ትእዛዙን አጭር አደረገው፤ ምን እንደሚወገድ፣ መቼ እንደሚወገድ፣ በምን እንደሚተካ በግልጽ ጻፍ፤ ቢቻል በቀይ። በቀይ! እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ፤ ለትልቅ ሰው በቀይ ይጻፋል? ደግሞስ «ከእንግዲህ የለህም» ተብሎ ፊት ለፊት ይነገራል? አንድ ቀን ሙሉ ተጨንቄ ይህን ጻፍኩ፦ «የተከበሩ ተጠቃሚያችን ሆይ፤ ለረዥም ዘመን በታማኝነት ያገለገለን የድሮው ታይፕ፣ ለሁሉም ጊዜ አለውና፣ የዕረፍት ዘመኑ እየተቃረበ መሆኑን የምናስታውስዎ በታላቅ አክብሮት ነው።» ከሥሩ «እሺ» የምትል የምትጫን ቁልፍ አደረግሁ። ጣቴ በተከፈተች ቁጥር ይህ ብቅ ይላል። ጴጥሮስ አንብቦ ቀኑ የት አለ አለኝ። ውስጠ ወይራ ነው አልኩት። ውስጠ ወይራ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ሌላ አንድ ቀን ፈጀሁ።

አሁን ወደ አያ ደምሌ ልምጣ። እኔ የማውቀው የድሮው ታይፕ ተጠቃሚ እሳቸው ብቻ ናቸው። ማክሰኝት ገበያው አጠገብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለቻቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ነበሩ፤ ጡረታ ሲወጡ ይህችን ሱቅ ከፈቱ። በገበያ ቀን ገበሬው በሬውን አስሮ ይመጣና የድንበሩን፣ የውርሱን፣ የፍቺውን ነገር ይነግራቸዋል። እሳቸው ዓይናቸውን ከባለጉዳዩ ፊት ሳያነሡ ይጽፋሉ። ቁልፉን አያዩም። ጣታቸው በቃሉ ያውቀዋል።

የእንግሊዝኛውን ፊደል ግን አያውቁትም። አዲሱን አጻጻፍ ይማሩ ማለት፣ አማርኛ ለመጻፍ በስተርጅና ኤቢሲዲ ይቁጠሩ ማለት ነው። እኔ በዚህ እናደዳለሁ፤ እናንተስ? ደግሞ የአያ ደምሌ ኮምፒዩተር በየጊዜው ቫይረስ ይበላዋል። ሲበላው ይጠረግና አዲሷ ጣቴ ትጫናለች። አዲሷ ጣቴ የድሮው ታይፕ ከሌላት አለቀ፤ የእንጀራቸው ገመድ ተበጠሰ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጉልበታቸው ደክሟል፤ ያልደከመው ጣታቸው ብቻ ነው። የመጣባቸውን ግን ገና አልሰሙም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እንደዚህ ላለው ሰው ነው።

ሱቃቸው ሄጄ ማስታወቂያውን አይተውት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። አየሁት እንጂ አሉ። ኮምፒዩተሩ ጠዋት ጠዋት «የተከበሩ» ይለኛል፤ እኔም «እሺ» እለዋለሁ፤ ሸጋ ነገር ነው ያስገባህልኝ አሉኝ። ወረዳ ላይ ስንት ዘመን ስሠራ የተከበሩ ያለኝ የለም ብለውም ጨመሩ። ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? ምሳ ጋበዙኝ፤ በላሁ፤ ወደ ጎንደር ተመለስኩ።

ጭንቀቴን ለአከራዬ ለሐጂ ኑርሑሴን ነገርኳቸው። ሐጂ የእህል ነጋዴ ናቸው፤ አባታቸውም አያታቸውም ጎንደር ውስጥ ሲነግዱ ኖረው ያለፉ። ኮምፒዩተር ነክተው አያውቁም፤ ሰው ግን ያውቃሉ፤ ወይም እኔ ያውቃሉ ብዬ አምን ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በወረቀት አይነገርም አሉኝ። ሰው ይዘህ ትሄዳለህ፤ ቁጭ ታደርገዋለህ፤ ሚስቱ ካለች እሷንም ታስጠራለህ፤ ከሩቅ ጀምረህ ቀስ እያልክ ታቀርበዋለህ። እኔም ለገበያ ቀን ማክሰኝት እህል ልጭን ስለምሄድ አብረን እንሂድ፤ ሰውዬው ባለጉዳይ ሳይከበው በጠዋት እንግባ አሉ። ምክሩ ሸጋ ነበር። እስከ ዛሬም ቃል በቃል ስመዝነው ስሕተቱን አላገኘሁበትም።

በአይሱዙ ሄድን። አዘዞ ላይ አንድ ቄስ አገኘን፤ መምሬ ብሩክ የሚባሉ የሐጂ የድሮ ወዳጅ፤ ወደ እንፍራንዝ የሚሄድ መኪና ይጠብቃሉ። ማክሰኝት ድረስ እናድርስዎ ተባሉና ገቡ። ጠዳን ስናልፍ ገና ጎሕ አልቀደደም ነበር። ማክሰኝት ስንደርስ ሐጂ መምሬን ብርድ ላይ ከምንጥልዎ አብረውን ይግቡና ይሙቁ አሏቸው። ለምን እንደመጣን የነገራቸው የለም፤ እሳቸውም አልጠየቁም።

እስቲ ከውጭ ሆናችሁ እዩን። ሰማዩ ገና ሲገላለጥ አያ ደምሌ በር ላይ ሦስት ሰው ቆሟል። አንዱ ሽማግሌ ሐጂ፣ ነጭ ጋቢ ያጣፉ። አንዱ ቄስ፣ ጥቁር ካባ የለበሱ፣ መስቀል የያዙ። በመሐል እኔ፣ ያጠናሁት ንግግር እንዳይጠፋኝ አንገቴን የደፋሁ። እናንተ እዚያ ቤት ብትሆኑ በሩን ትከፍቱ ነበር?

እሳቸው ከፈቱ። ሐጂን አዩ፤ ቄሱን አዩ፤ እኔን አዩ። እንደምን አደራችሁ አላሉም። ብርዱ ነው ብዬ አሰብኩ። ገባን። ሐጂ እጃቸውን ይዘው ቁጭ ይበሉ አሏቸው። እኔ በምክሩ መሠረት እትዬ ዘነቡ ይጠሩ አልኩ፤ ሚስታቸው ናቸው። እትዬ ዘነቡ ከጓዳ ወጡና በሩ አጠገብ ቀሩ። መምሬ ብሩክ የቤቱን ሁኔታ አዩ፤ አስተዋይ ሰው ናቸው፤ ሳይጠይቁ ገባቸው። መስቀላቸውን አነሡና እግዚአብሔር ያጽናችሁ አሉ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። አያ ደምሌ ትዕግሥት የምትባል ልጅ አለቻቸው፤ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። ልጅ እንዳለቻቸው አውቃለሁ። መደወል ካቆመች መሰንበቷን፣ እናቷ እንቅልፍ ማጣታቸውን፣ ሰፈሩ ሁሉ በሹክሹክታ መያዙን ግን አላውቅም ነበር። ማን ነገረኝ? እኔ እንኳን የሰው ልጅ፣ የራሴም ስልክ ካልደወለ ትዝ አይለኝም።

ንግግሬን ጀመርኩ። አያ፣ ለሁሉም ጊዜ አለው አልኩ። ብዙ ዘመን አብሮን የኖረ፣ ያገለገለን፣ የለመድነው ነገር ሁሉ አንድ ቀን መለየቱ አይቀርም አልኩ። ሦስተኛው አረፍተ ነገር ስለ ኪቦርድ ነበር። አልደረስኩበትም። እትዬ ዘነቡ ጮኹ። እንዲያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም።

አያ ደምሌ አልጮኹም። ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«መቼ ነው?» አሉኝ።

በእግዚአብሔር ስም እመኑኝ፤ ደስ አለኝ። ጴጥሮስ የሚሞትለት ጥያቄ ነው! በመጨረሻ ቀኑን የጠየቀ ተጠቃሚ ተገኘ።

«ገና ነው አያ፤ ቀኑ አልተቆረጠም። ከክረምቱ በፊት ግን አይሆንም» አልኳቸው።

አዩኝ። ግራ መጋባት ሰው ፊት ላይ አይቻለሁ፤ ተማሪዎች ፊት ላይ በየቀኑ አያለሁ። እንዲያ ያለ ግን አላየሁም።

«ታዲያ እስካሁን በሕይወት አለች?» አሉ።

«ማን?» አልኩ።

ይህን ጊዜ ሰፈሩ ደርሷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው፣ «ልጄን፣ ልጄን» እያሉ በሩን ሞሉት። ያን ጊዜ ነው እኔም ሐጂም እኩል የነቃነው። ሐጂ ብድግ ብለው ሰው አልሞተም፣ ስለ ልጅቷ የሰማነው ነገር የለም፣ የመጣነው ለሌላ ጉዳይ ነው አሉ። ይህን ሲሉ ለቅሶው ባሰ። ለምን አይብስ? እኛ አገር ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚባለው ምንድን ነው? «ምንም የለም» አይደለም? ትንሽ አሟት ነው፣ ደህና ናት፣ አትደንግጡ። ማንም ሰው ሳይሞትበት እንዲህ ተብሎ አያውቅም። እኔ ደግሞ ሊረዳ መስሎኝ የሚወገደው የኪቦርድ አቀማመጥ ነው ብዬ ጮኽኩ። አንዲት ሴትዮ ምስኪን፣ ሐዘኑ አናቱ ላይ ወጣ ብለው ውሃ አጠጡኝ። መምሬ ብሩክ በጆሮዬ ልጄ፣ አንዴ ከተነገረ መደበቅ አይጠቅምም አሉኝ።

የቀረው መላ ስልክ ብቻ ነበር። የሐጂ ስልክ ካርድ አለው፤ ኔትወርክ ያለው ግን ከቤቱ ኋላ ጉብታው ላይ ነው። አያ ደምሌን ደግፈን ወጣን፤ ለቀስተኛው በሙሉ ተከተለን። ደወልን፤ አልተነሣም። እንደገና ደወልን፤ አልተነሣም።  አልሞተችም ብዬ ስምል የነበርኩት ሰውዬ፣ እውነት ሞታ ቢሆንስ ማለት ጀመርኩ። እኔ ራሴን አመንኩትም አላመንኩትም፤ የምይዘው የምለቀው ጠፋኝ።

በመጨረሻ ተነሣ። «አቤት» አለች፤ በሥራ የተጣደፈች ሰው ድምፅ። ስልኳ ተበላሽቶባት ነው የጠፋችው፤ ያስጠገነችው ገና ትናንት ነው። አያ ደምሌ ድምፅዋን ሲሰሙ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ያን ሁሉ ሰዓት ያልወጣ እንባ ያን ጊዜ ወጣ።  ስልኩን እትዬ ዘነቡ ተቀበሉ፤ እሳቸውም ማልቀስ ብቻ ሆነ። ትዕግሥት በበኩሏ የምትሰማው ምንድን ነው? በማለዳ የተደወለ ስልክ፣ የማታውቀው ቁጥር፣ የእናቷ ለቅሶ፣ ከኋላ የሰፈር ሙሾ። አባዬን አለች። አባዬ ሞተ እንዴ ብላ ቤይሩት ላይ እሪታዋን ለቀቀችው። ማንም አልሞተም አልናት። እሷም የዚህ አገር ልጅ ናትና አላመነችም። አያ ደምሌ ስልኩን ቀምተው «እኔ ነኝ፣ ልጄ። አለሁ» ካሉ በኋላ ነው ነገሩ የበረደ። ታዲያ ለምንድን ነው የተሰበሰባችሁት ብላ ጠየቀች። ጉብታው ላይ ያለው ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። የሚያውቅ አልነበረም። እኔም አለቀስኩ፤ ለየትኛው ነገር እንዳለቀስኩ ግን አላውቅም።

ለለቅሶ የተቀቀለው ንፍሮ ለደስታ ተበላ። ጠላም ከየት እንደሆነ እንጃ መጣ። ሐጂ እህላቸውን ረሱ፤ መምሬ እንፍራንዝን ረሱ። ከሰዓት በኋላ ሰው ሲቀል አያ ደምሌ ትከሻዬን ይዘው፣ እንግዲህ ደስታው ሳያስረሳን፣ ለመሆኑ ልትነግረኝ የመጣኸው ምን ነበር አሉኝ። ሐጂን አየኋቸው። ሐጂ ንፍሯቸውን አዩ።

ናፍቀውኝ ነው አልኳቸው። ሌላ ምን ልበል?

በማግሥቱ ጴጥሮስ ተጠቃሚው በግልጽ ተነግሮታል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የሆነውን ጻፍኩለት። አንድም ውሸት የለበትም። በአካል ሄደን አናገርናቸው አልኩ። ሚስታቸው ጮኹ፤ ጎረቤት ወጥቶ አለቀሰ፤ ቄስ ያጽናችሁ አሉ፤ እሳቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አነቡ፤ ጉዳዩ ውጭ አገር ድረስ ተደወለበት አልኩ። የትዕግሥትን ነገር ግን የቤተሰብ ጉዳይ መሰለኝና ዘለልኩት። እንግዳ ሰው ገበና ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው?

ጴጥሮስ ሁለት ቀን ጠፋ። ከዚያ መልስ መጣ። ሶፍትዌር ስሠራ ኖሬያለሁ፤ ሰው ለሠራሁት ነገር እንዲህ ሲያዝን አላየሁም አለ። አላስቻለኝም አለ። የድሮው ታይፕ እኔ በሕይወት እስካለሁ አይነካም፤ ጥገናውን ለብቻዬ እወስደዋለሁ አለ። ቃሉን ጠበቀ። አዲስ ኮምፒዩተር በወጣ ቁጥር የዕረፍት ቀኑን ይሠዋል፤ የተሰበረውን ይጠግናል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ደግ ሰውም እዚያው ውስጥ ሳይገባ አይቀርም። አያ ደምሌም ሳያውቁት እንጀራቸው ዳነ። የዳነውም ነገሩን ጨርሼ ስላልነገርኳቸው ነው፤ እንግዲህ ከዚህ ምን ትምህርት እንደምታወጡ እናንተ ታውቃላችሁ፤ እኔ አልቻልኩም።

ዓመት አልፎ፣ ሌላም ዓመት አልፎ ሱቃቸው ጎራ አልኩ። አያ ደምሌ እየጻፉ ነው። ዓይናቸው ባለጉዳዩ ፊት ላይ ነው። ጣቶቻቸውን ሳይ ግን ደነገጥኩ፤ የድሮው ታይፕ አይደለም። በአዲሱ ነው የሚጽፉት፤ ደግሞ እንደ ወፍጮ ያንደቀድቁታል። ከዚያች ቀን በኋላ ትዕግሥት በጣት የሚነካ ስልክ በሰው ላከችላቸው አሉ። ጠዋት ጠዋት «አለሁ» ብለው ይጽፉላታል፤ እሷም «አለሁ» ትላለች። ስልኩ የሚያውቀው አዲሱን ብቻ ስለሆነ ኤቢሲዲውን ለልጃቸው ሲሉ ተማሩት። ጣት ደግሞ ሁለት መንገድ አይወድም፤ ሱቁም ውስጥ እሱኑ ያዙ። የድሮው ታይፕስ አልኳቸው።

«እሱንማ ከተውኩት ቆየሁ» አሉ። «ምነው፣ አልነገርኩህም እንዴ?»

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። የድሮውን ታይፕ የሚጠቀም ሰው በምድር ላይ አላውቅም። ጴጥሮስ ግን ይጠግናል። ባለፈውም ጽፎ፣ አባታችን እንዴት ናቸው፣ ዛሬም በዚያው ይጽፋሉ ወይ አለኝ። እውነቱን ልንገረው ወይስ አልንገረው? ነገሩን ተሸክሜ ሐጂ ኑርሑሴን ዘንድ ሄድኩ።  ሚስት አለችው ወይ አሉኝ። የለችውም አልኩ። ልጅስ? የለውም። ጎረቤትስ? እኛ አገር ጎረቤት አይተዋወቅም ብሎኛል አልኳቸው።

«እንግዲያማ አይነገረውም» አሉ። «ባዶ ቤት ብቻውን ሆኖ፣ ሲወድቅ ማን ይይዘዋል?»